በሰርጉ ሳምንት የተባልኩት ሶሪ

ኢስትሊ ሰፈር ላይ የተሳፈርኩበት ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ድንገት ፍሬን ሲይዝ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ "ሶሪ፣ ማማ" አለችኝ። ያጠፋችው ነገር የለም። ናይሮቢ ውስጥ ሰው ሲደናቀፍም፣ ሲያስለውም፣ ሲያዝንም ሶሪ ይባላል። እኔ ግን ቃሉን በሰማሁ ቁጥር የአንድ ሰርግ ሳምንት ትዝ ይለኛል።

ልጅ ሆኜ እዚሁ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ፤ እናቴ ሞያሌ ነበረች። የአክስቴ ልጅ ልትዳር በተቃረበችበት ሳምንት ኬንያዊቷ አከራያችን ግቢው ውስጥ አስቆመችኝ። ልብስ እያጠበች ነበር። ጉንጮቼን በእርጥብ እጆቿ ይዛ "ሶሪ፣ ሶሪ ሳና" አለችኝ፤ በጣም ሶሪ ማለቷ ነው። ዓይኖቿ እንባ አቅርረው ነበር።

ወጥ ቤት ገብቼ "እትዬ፣ ለምንድን ነው ሶሪ ያለችኝ?" ብዬ አክስቴን ጠየቅኳት።

ከምትከትፈው ሽንኩርት ቀና እንኳ አላለችም። "እዚህ አገር ዝንብ ብታርፍብሽም ሶሪ ነው። ይልቅ ነጭ ሽንኩርቱን ላጪ።"

የእናቴን መርዶ የነገሩኝ ሰርጉም ቅልቅሉም ካለፈ በኋላ ነው፤ እንደ ወጉ፣ ጎህ ሲቀድ። "ሰርጉ እንዳይበላሽ ብለን ነው" አለች አክስቴ።

ሙሽራዋ ዛሬ ሳውዝ ሲ የሚባል ሰፈር ትኖራለች። ሳሎኗ ውስጥ በተሰቀለው የሰርጓ ፎቶ ላይ እኔ አፌን ከፍቼ እስቃለሁ። እንግዳ በመጣ ቁጥር በጣቷ ታሳየኛለች፤ "ይቺን እዩልኝ! ከሁሉም በላይ የጨፈረችው እሷ ነበረች!"