እናቴ ወደ ብድር ቢሮ የላከቻቸው ሽማግሌዎች

አባቴ ከሞተ በኋላ እናቴ በቡሬ ገጠር ያላትን መሬት ታላቅ ወንድሜ በሁለት በሬ ያርስላት ነበር። አንድ ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ከጥንዱ አንዱ ሞተ። «አንድ በሬ ስቦ፥ አንድ ሰው አስቦ» ይባል የለ? ሌላ በሬ ካልገዛች መሬቱ ለእኩል አራሽ ሊሰጥ፥ የዓመቱ እህል ግማሹ ከቤት ሊወጣ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀደም ተበድራ ወደምታውቀው ቢሮ ሄደች። ሠራተኛው ፋይል አገላብጦ «እማማ፥ ውዝፍ ዕዳ አለብዎት፤ ማበደር አንችልም» አላት። የምን ዕዳ እንደሆነ አልነገራትም።

እኔ ያን ጊዜ ፍኖተ ሰላም መድኃኒት ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ስሰማ ደሜ ፈላ፤ ድሮም ቶሎ የምገነፍል ሰው ነኝ። ቡሬ ስደርስ እሷ ግን ሰው አስቀይሜ ይሆናል ብላ እንዲያስታርቋት ሁለት ሽማግሌዎችንና የንስሐ አባቷን ለምና አገኘኋት።

«እማ፥ ቢሮ እኮ አይቀየምም» አልኋት።

«ውስጡ ያለው ሰው አይደል?» አለችኝ።

አብሬያቸው ሄድሁ። ሠራተኛው ጨዋ ልጅ ነበርና ወንበር ለማምጣት ተሯሯጠ። ሽማግሌዎቹ ግን ለእርቅ የመጣ ጉዳዩ ሳይፈጸም አይቀመጥም ብለው ጋቢያቸውን እንዳጣፉ ቆሙ።

«ልጆቻችን፥ ይህች ሴት አጥፍታም ከሆነ ስለ እመብርሃን ማሯት» አሉ ትልቁ።

ኃላፊው ከክፍሉ ወጣ። እሱም ያገር ልጅ ነው፤ ሽማግሌ ማሳፈር አልሆነለትም። «እንግዲህ ስለ እናንተ ስል ቅጣቱን ላንሳላት። ዋናውን ትክፈልና እናበድራታለን» አለ። ሽማግሌዎቹ መመረቅ ጀመሩ።

እናቴ ግን «ቆዩማ አባቶቼ» አለች። «ያልበላሁትን ማሩኝ ብዬ ከወጣሁ፥ በላች ተብሎ መቅረቱ አይደል? የቱን ነው ያልከፈልሁት? ይነበብልኝ።»

«ፋይሉ የቢሮ ምስጢር ነው፤ ለተበዳሪ አይነበብም» አለ ኃላፊው።

እዚህ ላይ አልቻልሁም። «ስለ እሷ የተጻፈው ከእሷ ምን ይደበቃል? ሌላ ሰው ሲጠይቃችሁ ደብቁ እንጂ!» ብዬ ጮህሁ። ሽማግሌዎቹ በዓይናቸው ገሠጹኝ። የንስሐ አባቷ ግን ቀስ ብለው «ልጅቱ ጮኸች እንጂ እውነቷን ነው» አሉ። «እኔ እንኳ ኃጢአቷን እምሰማው ከራሷ አፍ ነው። እናንተ ሳትሰማ ነው እምትጽፉባት?»

ኃላፊው ሳይወድ ሳቀና ፋይሉ እንዲነበብ አዘዘ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። እናቴ የተበደረችው እርስ በርስ ዋስ ከተጠራሩ ጎረቤቶች ጋር በቡድን ነው። ከመካከላቸው አንዱ ለሰሊጥ ሥራ ሁመራ ሄዶ ሳይከፍል ቀረ፤ ዕዳውም በዋሶቹ ሁሉ ስም ተጻፈ።

«የእሱን እኮ ተካፍለን ከፈልን! እኔ በጌን ሸጬ!» አለች እናቴ።

ሠራተኛው በሰውዬው ፋይል ውስጥ ቢፈልግ ደረሰኙ ተገኘ። የሄደው ሰው ነጻ ተብሏል፤ የከፈሉለት ግን ባለዕዳ እንደሆኑ ቀርተዋል። ይህን ስሰማ ከንዴቴ ይልቅ እናቴ አሳዘነችኝ። ባላጠፋችው ነገር ሰው ለምና፥ ሽማግሌ አቁማ ነበር።

«ያጠፋነው እኛ ነን» አለ ሠራተኛው አንገቱን ደፍቶ።

«እንዲያማ ከሆነ ሽማግሌ መላክ ያለባችሁ እናንተ ናችሁ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ። ወዲያው ደግሞ፥ መጥተው ቆመዋልና፥ ወደ እናቴ ዞሩ። «በይ ልጄ፥ ማሪያቸው።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እናቴ አልሳቀችም። «እምራለሁ አባቴ። መጀመሪያ ያርሙት» አለች።

ኃላፊው ራሱ ብዕር አነሣ። ሲጨርስም ገንዘቡን በዚያው ሳምንት መጥታ እንድትወስድ፥ በሬው ለእርሻ እንደሚደርስላት ነገራት። እሷ ማንበብ አትችልምና ፋይሉን ወደ እኔ ገፋችው።

«ዕዳ የለባትም» ብዬ አነበብሁ።

«ድገሚው» አለችኝ።

ደገምሁላት። በሬው ሲሞት ያላለቀሰች ሴት እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

«አሁን ምሬያቸዋለሁ» አለች።