በካውያ የጠፉ ነጥቦች

ሥራ በጀመርሁበት ቀን ኃላፊያችን አቶ ተካ የብሬል ማሽኑን ከማሳየቱ በፊት መጥረጊያ ሰጠኝ።

«እኔ ፊደል ቆጥሬያለሁ፤ የተቀጠርሁት ለማሽን ነው» አልሁት።

«መጀመሪያ ጥረጊ።»

ጠረግሁ። መጥረጊያውን እጁ ላይ መልሼ «አሁንስ?» አልሁት። ከሚሴ በነበረችው በዚያች ትንሽ የዐይነ ስውራን ትምህርት ቤት የእኔና የእሱ ጠብ የጀመረው ያን ጠዋት ነው።

ማሽኑ ስድስት ቁልፎች አሉት። ቁልፉ ሲጫን ከሥር ያለው ሹል ብረት ወረቀቱን ወደ ላይ ይገፋና ነጥብ ያቆማል። ልጆቹ ያንን ነጥብ በጣታቸው ያነቡታል። ወረቀቱ ከሳሳ ይበሳል፤ ከደረቀ ይሰነጠቃል፤ ከወፈረ ማሽኑ አይጎርሰውም። የሲሚንቶ ከረጢት ቀደን ሞክረን ነበር፤ አቧራው ቁልፎቹን አነቃቸው፣ የልጆቹንም ጣት ፋቀው።

እኔ ወረቀት የምመርጠው እንዲህ ነበር። አንድ ገጽ ጽፌ በቦርከና ወንዝ በኩል ባለው መስኮት አሳድረዋለሁ። የጨፋ ረግረግ እርጥበት በክረምት ደካማውን ወረቀት ሁሉ ያለሰልሰዋል። ጠዋት ረህማን እጠራለሁ። ረህማ ከጨፋ ሮቢት የመጣች ልጅ ናት፤ እንደ እሷ ጣቱ የፈጠነ አልነበረም። ገጹን ደጋግማ ታሸዋለች። ነጥቡ ከተኛ «ይሄ ሞቷል፣ ቅበሪው እታለም» ትለኛለች።

ከሁሉ ነጥብ የያዘልን ለመዝገብ ሽፋን የሚሆነው ቡናማ ወረቀት ነበር። አቶ ተካ እሱን ለቢሮው ወስዶ ለእኛ ነጭና ስስ ወረቀት ላከልን።

«ይህ ነጥብ አይዝም» አልሁት።

«አውቃለሁ። ግን እንግዳ ይመጣል። ቡናማው የድሃ ቤት ያስመስለናል።»

«የሚያነቡት ልጆቹ ናቸው ወይስ እንግዳው?»

«ምላስሽን ሰብስቢ! ለማያይ ሰው የወረቀት ምርጫ ምን ያደርግለታል?»

እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው ያ «አውቃለሁ» ያለው ነው። ባያውቅ ኖሮ አስረዳው ነበር።

እንግዳው ከደሴ የሚመጣ የትምህርት ሹም ነበር። በፊቱ እንድታነብ የተመረጠችው ረህማ ናት። አቶ ተካም «ካሳፈርሽኝ ወደ ቤትሽ ትመለሻለሽ» ብሎ አስፈራራት። ቤቷ የሚጠብቃት ትምህርት የለም፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ መዋል ነው።

ገጹን በነጩ ወረቀት ጻፍሁ። አድሮ በእርጥበት ተጨማደደ። እኔ ሳልደርስ አቶ ተካ አየውና ዘበኛውን ሰይድን ጠርቶ «አስተካክለው» አለው። ሰይድ የአቶ ተካን ሸሚዝ የሚተኩስ ሰው ነው። ገጹንም በከሰል ካውያ እንደ ሸሚዝ ኮሌታ አስተካከለው።

ሹሙ ተቀመጠ። ረህማ ጣቷን ከግራ ወደ ቀኝ ወሰደች፤ ወደ ታች ወረደች። ገልብጣም ዳሰሰችው።

«ሆማ ሂንጂሩ» አለች። «ምንም የለበትም።»

አቶ ተካ ጎንበስ ብሎ «በቃልሽ በይው!» አላት።

«ወላሂ፣ ያላነበብሁትን አነበብሁ አልልም።»

ሹሙ «ልጅቱ ገና ናት» ብሎ ተነሣ። መኪናው ከግቢው ሳይወጣ አቶ ተካ «ነገ ጓዟን ትሸክፍ» አለ።

ገጹን አነሣሁት፤ እንደ ብርጭቆ ለስልሷል። ሰይድን ያዝሁት። «ምን አደረግኸው አንተ?»

«አሳምሬ ተኮስሁት! ምን አጠፋሁ እታለም?»

እሱን ልቆጣው አልቻልሁም፤ የታዘዘውን ነው የሠራው። ቢሮ ገብቼ ከመደርደሪያው ቡናማውን ወረቀት አወረድሁ።

«ሌባ!» አለኝ አቶ ተካ።

«ሌባውን አላህ ያውቀዋል።»

ማሽኑ ፊት ተቀምጬ ያንኑ ገጽ በቡናማው ጻፍሁ። ከዚያ እጄን አጣመርሁ። «ረህማ በዚህ እስክትፈተን ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሣም፣ አንድ ቁልፍም አልነካም።» የዓመቱ ፈተና ገና አልተጻፈም ነበር፤ ማሽኑንም ከእኔ በቀር የሚያውቀው የለም።

«አባርርሻለሁ!»

«ያባርሩኝ። ፈተናውን ሰይድ ይተኩስልዎታል።»

ጩኸቱን ሰምተው የመጡት መምህራን ሳቁ፤ እሱ ግን ጥርሱን ነከሰ። እስከ ቀትሩ የዙህር ሶላት ተፋጠጥን። በመጨረሻ ረህማን አስጠራት። ቆማ አነበበች፤ ከላይ እስከ ታች ጣቷ አልተደናቀፈም።

ረህማ ቀረች። ይቅርታ የጠየቃት ግን የለም። አቶ ተካ ለመምህራኑ «ልጅቱ ተሻሽላለች» አላቸው። በአንድ ጠዋት ምኗ ይሻሻላል? የተለወጠው ወረቀቱ ነው! ቡናማውንም ለፈተና ብቻ ፈቀደ። የመማሪያው መጽሐፍ በስሱ ወረቀት ቀጠለ፤ እኔም እዚያ እስከ ሠራሁ ድረስ የተኙትን ገጾች እየለቀምሁ እንደ ገና ስጽፍ ኖርሁ።

ዐይነ ስውር ልጅ አላነበበም ሲባል አስቀድሞ መፈተን ያለበት ወረቀቱ ነው።