ፍሪሲዮን ያስተማረኝ ምርኮኛ

ደብረ ታቦር የነበረው የጣሊያን ጦር እጁን የሰጠው በክረምት ነው። እኔ ቀደም ሲል በጋራዣቸው ጎማ ስጠግን ቆይቼ ኋላ ወደ አርበኞቹ የገባሁ ሰው ነኝ። የጦር አለቃችን ይህን ያውቁ ስለነበር ጠሩኝና፣ «ከነዚህ ሞተር ብስክሌቶች አንዱን ምረጥ። እስከ ገሳይ መልእክት ታደርስልኛለህ» አሉኝ።

ከጠላት የተማረኩ አሮጌ ሞተሮች ነበሩ። ቀለሙ የሚያብረቀርቀውን ያዝኩ። ግድግዳ ሥር ከተቀመጡት ምርኮኞች መካከል አንድ ሸበቶ መካኒክ ራሱን ነቀነቀ። ተነሥቶ መጣና ከመቀመጫው በታች የተሰነጠቀውን ብረት በጣቱ አሳየኝ። ከዚያ የቤንዚን ጋኑ የተጨረማመተውን ሌላ ሞተር አስነሣና፣ «ስማ» አለኝ በተሰባበረ አማርኛ። የሞተሩ ድምፅ አይቆራረጥም። እሱን መረጥኩ።

መንዳቱ ግን አስቸገረኝ። በግራ እጄ የጨበጥኩትን ፍሪሲዮን ስለቀው ሞተሩ ወደ ፊት ይዘልና ቀጥ ይላል። ሰውዬው ሊያሳየኝ እጁን በእጄ ላይ ሲጭን እጄን መነጨቅሁት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ማን ሞተ?» አለ።

«ወንድሜ። ጉና ላይ።»

አንገቱን ደፋ። ቆይቶ የራሱን እጅ ፍሪሲዮኑ ላይ አደረገና፣ የኔን ከላይ እንዳሳርፍ በዓይኑ ጠቆመኝ። ባልፈልግ ማንሣት እችል ነበር። አላነሣሁም። ጣቶቹ ቀስ በቀስ ሲላሉ፣ ሞተሩ ጉልበት የሚያገኝባት ቦታ ላይ ጥቂት ሲቆዩ፣ ከዚያ ሲለቁ በመዳፌ ተሰማኝ። በማግስቱ ጭቃው ላይ ብቻዬን ነዳሁ።

አባቴ ቄስ ናቸው። ወንድሜ የተቀበረው ከገሳይ ወዲያ ባለች ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እሳቸው ግን ጉልበታቸው ከድቷቸው መቃብሩን አላዩም። አለቃችንን አስፈቅጄ፣ «አባባ፣ ልውሰድዎት» አልኳቸው።

«ልጄን በገደለ ሰው ዕቃ ላይ አልቀመጥም» አሉ።

አልተከራከርኳቸውም። በነጋታው ጠዋት ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ መስቀላቸውን ይዘው ሞተሩ አጠገብ ቆመው አገኘኋቸው። «ቀስ ብለህ ንዳ» ብቻ አሉኝ። መንገዱን ሁሉ ወገቤን እንደጨበጡ ሄድን። መቃብሩ ላይ ፍትሐት አደረሱ፤ ድምፃቸው አንድ ቦታ ላይ ተቋረጠና እንደገና ቀጠለ።

ስንመለስ፣ «ይህን ማን አስተማረህ?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«የክርስትና ስሙ ማን ይባላል?»

«አልጠየቅሁትም፣ አባባ።»

«ጠይቅልኝ።»

ከተማ ደርሰን ልጠይቀው ብሄድ፣ ምርኮኞቹን በካሚዮን ጭነው ወስደዋቸው ነበር። ተመልሼ ለአባቴ ነገርኳቸው። «ስሙን እግዜር ያውቀዋል» ብለው ወደ ቤት ገቡ።