ተራዬ ያልነበረው ጽዋ

የንስሐ አባታችን ከመስኮቱ ሥር መደቡ ላይ ተቀምጠዋል። የቤቱ ባለቤት ከጠላው እንስራ አጠገብ ቆማለች። ማኅበርተኞቹ ግድግዳውን ተከትለው በአግዳሚ ወንበር ተደርድረዋል። የሚቀጥለው ወር ባለተራ የሆነችው ጎረቤቴ ጽዋው ካለበት ጠረጴዛ አጠገብ ነጠላዋን አስተካክላ ለመነሳት ትጠባበቃለች። ልጄ የቤቴን ቁልፍ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እኔ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ የአማቼን ጥቁር መነጽር አድርጌ ተቀምጫለሁ።

ስገባ ጎረቤቴ፣ “እመቤታችን የሚኒባስ ሾፌር ላከችልን” ብላ ቤቱን አስቃው ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ግን ስስቅ ራሴን ስለሚያመኝ በከንፈሬ ብቻ ነበር።

ነገሩ የመጣው በማድ ቤቴ በር ነው። በሩ ዝቅ ያለ ነው፤ እኔም ለገባ ለወጣው ሁሉ “ራሳችሁን!” እያልኩ ስጮህ የኖርኩ ሴት ነኝ። ቄስ አስጎንብሻለሁ፤ የቀበሌ ሊቀ መንበርም አስጎንብሻለሁ። አንድ ጠዋት ብቅሌን የምትለቅም ዶሮ ላባርር ዘልዬ ስወጣ ግን “ራስሽን!” የሚለኝ ሰው አልነበረም። ጉበኑ ግንባሬን አገኘው። ደም ስላልፈሰሰ ዶሮዋን አባርሬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ወጡን ጨው ጨምሬበት፣ ዘወር ብዬ ደግሞ እጨምርበት ጀመር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ራሴን የሚመታኝ ይመስለኛል። መስኮት ሲከፈት ዓይኔን እጨፍናለሁ። ልጄ ይህን ስትሰማ መጥታ ደብረ ማርቆስ፣ እሷ ቤት ወሰደችኝ።

ሐኪሙ፣ “አንጎልዎ ተናውጧል፤ ቀስ እያለ ይመለሳል” አለኝ። መድኃኒቱ ጸጥታ፣ ጨለማና ብቻዬን መሆን ነው አለ። የልጄ ቤት ያለው ባጃጆች በሚሰለፉበት መንገድ ዳር ነው። ብቻዬን መሆኑንማ ማን ፈቅዶልኝ። ታመመ የተባለ ሰው ይጠየቃል፤ ሊጠይቅ የመጣ ሰው ደግሞ ተነሥቶ ቶሎ አይሄድም። አልጋዬን ከበው ስለ ጸጥታ ጥቅም ሲጨቃጨቁ ያመሹ ነበር።

“የታለ ቁስሉ?” አሉኝ አንዲት ባልቴት፣ ግንባሬን ዱባ እንደሚመርጥ ሰው እየዳበሱ።

“የለውም።”

“ምንም?”

“ምንም።”

አዘኑብኝ መሰለኝ። ከአገራችን ከደብረ ኤልያስ ድረስ የመጡ ናቸው፤ ቢያንስ ፋሻ ይጠብቁ ነበር።

ሌላው ችግሬ ቃል መጥፋቱ ነው። የያዝኩትን ማንኪያ ስሙ ይጠፋኛል። ይህን ግን ማንም አላወቀብኝም፤ ድሮም ብዙ አልናገርም። ሐኪሙ መርሳቴን ለመፈተን “ቁልፍ፣ ሎሚ፣ በሬ” የሚሉ ቃላት ሰጥቶኝ ነበር። ልጄም በየጠዋቱ በእነዚያው ትፈትነኛለች። እነሱስ አልጠፉኝም። ቁልፍ፣ ሎሚ፣ በሬ እያልኩ አንዱን እግሬን በልጄ ነጠላ ጫማ፣ ሌላውን በራሴ አድርጌ ደጅ ወጥቻለሁ።

እኔ የምፈልገው ቤቴን ነበር። ልጄ ብቻዬን እንድኖር አልፈለገችም። ብዙ ከተከራከርን በኋላ፣ “ለማርያም ማኅበር አብረን እንሄዳለን። ሳትሳሳቺ ከዋልሽ ቁልፉን እሰጥሻለሁ፤ ከተሳሳትሽ አብረን እንመለሳለን፣ ቤቱም ይከራያል” አለችኝ። ተስማማሁ። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ደህና ዋልኩ። ሰው ሁሉ ማን እንደሆነ አውቄ ሰላም አልኩ። ጠላዬንም አላፈሰስኩም። ጸሎቱ ሲያበቃ የንስሐ አባታችን ጽዋውን አነሡና፣ “ባለተራ ተቀበይ” አሉ።

ተነሥቼ ሄድኩ፤ ተቀበልኩ።

የእኔ ተራ ክረምቱ ሳይገባ፣ ከመመታቴ በፊት አልፏል። የደገስኩትም ራሴ ነበርኩ። በዚያች ሰዓት ግን ጥርጣሬ የሚባል አልነበረኝም። ከተመታሁ ወዲህ ስለምንም ነገር እንደዚያ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። የገባኝ ጎረቤቴ ነጠላዋን እንዳስተካከለች ባዶ እጇን ዘርግታ ሳያት ነው።

“እማዬ፣ ተራሽ አይደለም እኮ” አለች ልጄ። ድምፅዋ ቀጭን ነበር።

ልመልሰው እጄን ዘረጋሁ። የንስሐ አባታችን ግን እጃቸውን ወደ ኋላ ሰበሰቡ። በእኛ ማኅበር በእመቤታችን ስም የተነሣ ጽዋ ወደ ጠረጴዛ አይመለስም። ያነሣው ሰው ቤቱ ይዞት ይገባል፤ ወሩ ሲደርስም በዚያው ቤት ይደገሳል።

“የሚደገሰው እዚህ፣ ቤቷ ነው። ማርቆስ አይደለም” አሉ ልጄን እያዩ።

“አባ፣ አዩ አይደል? ገና አልዳነችም እኮ!”

“አየሁ። ስለዚህ ብቻዋን አትደግስም።”

ጎረቤቴ ዘርግታው የነበረውን እጅ ወገቧ ላይ አደረገችው። “አንቺ ሴትዮ፣ ተራዬን ቀማሽኝ። ጌሾዬን ወቅጬ ጨርሻለሁ፤ ወዴት ላድርገው? አንቺ ቤት እጠምቀዋለሁ። ማታም እዚያው አድራለሁ።” ወደ ልጄ ዞረች። “አንቺ አታስቢ፤ ጨው አላስነካትም።”

“እስክትድን ታድሪያለሽ?”

“እስክትሰለቸኝ።”

ልጄ መነጽሬን አየች፣ ጽዋውን አየች። ከዚያ መጥታ ቁልፉን በጎረቤቴ እጅ ላይ አስቀመጠችው። በእኔ እጅ አላስቀመጠችም፤ አልፈረድኩባትም።

ጽዋ ያነሣች ሴት በእልልታ ነው የምትሸኘው። አንዷ አፏን ከፈተችና እኔን ስታይ መልሳ ዘጋችው። ሁሉም ጫማቸውን ሳያሰሙ ከኋላዬ ተነሡ። የዚያ ቤት በር ከፍ ያለ ነው፤ ቁመቴ እጥፍ ቢሆንም አይነካኝም። ጽዋውን በደረቴ ይዤ፣ ጎንበስ ብዬ ወጣሁ።