ሩሯ እዚያ አልነበረችም

ለነፍስ አባቴ ጾም መግደፌን ተናዝዣለሁ። መዋሸቴንም፣ የሰው አጥር ዘልዬ ኮክ መስረቄንም ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን አልነገርኳቸውም። መስቀሉን ሲያሳልሙኝ ከንፈሬ ይንቀጠቀጣል፤ ብርድ ይመስላቸዋል። አሰላ ብርድ አይታጣምና ይታመናል። ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ የለም። አሁን ለእርስዎ፣ ለማያውቁኝ ሰው እጽፈዋለሁ። ወንድሜን ግዛቸውን የመታሁት እኔ ነኝ።

እንዴት ልጀምር? ከጨዋታው ልጀምር።

የእኛ ሰፈር ሰው ገና የሚጫወተው ከቤተ ክርስቲያኑ በታች፣ ገብሱ ታጭዶ ባለቀበት ማሳ ላይ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ተብለን እንሰለፋለን። ገና የሚባለውን ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዘን፣ ከወይራ ጉጥ የተጠረበችውን ሩር እየመታን ወደ ባላጋራችን ወሰን እናሻግራለን። ሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ የለም። ጥርስ ይረግፋል፣ ክንድ ይሰበራል፣ ቅንድብ ይተረተራል። ሩሯን ሲፈልግ ሰው የመታ «ገና ነው» ይላል፤ የተመታውም ደሙን ጠርጎ ይነሣል። ማን መታህ ተብሎ አይጠየቅም። ቂም አይያዝም፣ ክስ የለም። እኔ የተሸሸግሁት በዚህ ልማድ ውስጥ ነው።

ደግሞ በእኛ ሰፈር ወንድማማቾች በአንድ ወገን አይሰለፉም። አንድ ቤት ጠቅላላውን እንዳይሸነፍ ነው ይላሉ። ስለዚህ ግዛቸው ከታችኞቹ፣ እኔ ከላይኞቹ ሆንን።

ግዛቸው ታላቄ ነው። አባታችን ከሞተ ወዲህ ትምህርቱን ትቶ ናዝሬት በሚመላለስ ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆነ፤ እኔ እንድማር ነው። ግጥም ይችል ነበር። ከመሞቱ በፊት በነበረው ዓመት ገናውን እነሱ አሸነፉ። አሸናፊ ተሸናፊውን እየሰደበ እስከ ገበያው ይጨፍራል። እኔ ያን ቀን አንድ ግዙፍ ሰው ዱላ ሲያነሣብኝ የያዝኩትን ጥዬ ሮጫለሁ። ግዛቸው አይቶኝ ኖሯል። ግጥም አውጪው እሱ ነበርና እንዲህ አለ፦

«ዘጠነኛ ክፍል ምን ያስተምራሉ፣
ገናውን ወርውሮ መፈርጠጥ ነው አሉ።»

ሰው በሳቅ ወደቀ። እኔም ሳቅሁ። በገና ስድብ የተቆጣ ሰው የለምና ምን ላድርግ? ግን ግጥሙ በማግስቱ አልሞተም። ምንጭ የሚወርዱት ልጃገረዶች ያዙት። የሒሳብ መምህሩ እንኳ ጥያቄ ሲያቅተኝ «እንዳትፈረጥጥ፣ ተቀመጥ» አለኝ። ግዛቸውን ተው ማለት አፈርሁ። ብዬው ቢሆን ይተው ነበር፤ ይህን አውቃለሁ። አላልኩትም። ዓመቱን ሙሉ እየሳቅሁ ቂሜን ቀለብሁት።

ለሚቀጥለው ገና ከጭላሎ ተራራ ሥር ወይራ ቆርጬ መጣሁ። ጫፉን በእሳት እያሞቀ የቆለመመልኝ ማን ነው? ግዛቸው ነው። «ዘንድሮ እንዳትጥለው» አለና ጠጉሬን ደባበሰኝ።

ጨዋታው ሊያበቃ ሲል፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ አቧራው መሀል ግዛቸውና ሁሴን ገጠሙ። ሁሴን የጎረቤታችን ልጅ፣ የግዛቸው የልብ ጓደኛ ነው። እስላም ነው፤ «በዓሉ የእኔ ባይሆንም ጨዋታው የሰፈር ነው» ብሎ ከእኛ ከላይኞቹ ጋር ይሰለፋል። ሁለቱም ሩሯ እግራቸው ሥር ያለች መስሏቸው አቧራውን ይደበድባሉ። እኔ አይቻታለሁ። ሩሯ እዚያ አልነበረችም። ከመሀላቸው ሾልካ ወደ ቦዩ ተንከባላለች። የቆምኩት ከግዛቸው ኋላ ነው። እኔ ዱላዬን አነሣሁ። እኔ መታሁት። ከጆሮው በላይ መታሁት። በጉልበቱ ወደቀ። እዚያ ላይ ባቆም ንዴት ነው እል ነበር። አላቆምኩም። ተንበርክኮ ሳለ ደገምኩት። እጄ ላይ የተሰማኝ ደስታ፣ አዎ፣ ደስታ ነው ያልኩት፣ እስካሁን ይዘገንነኛል። የሁሴንም ዱላ በዚያው ቅጽበት ወርዶ ነበር። ሰው በሰው ላይ ተደራረበ። አቧራው ሲገለጥ ደም የታየው በሁሴን ዱላ ላይ ነው። የእኔንም ነክቶት ነበር፤ በጭድ ጠርጌዋለሁ።

ከጤና ጣቢያው የተጠራው ድሬሰር ቁስሉን አጥቦ ጠቀለለለት። ከጆሮው የሚወርደው ደም ግን አልቆመም። እናቴ «ማን ነው ልጄን?» እያለች ስትጮህ ግዛቸው ዓይኑን ሳይገልጥ «እማዬ፣ ገና ነው። ማንንም አትጠይቂ» አላት። እኔን አይቶኝ ነበር? ወይስ ሁሴንን ማዳኑ ነው? ሳምንት ሳይሞላው ሞተ። ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነኝ። ፊቴን ስነጭ ሰው «ወንድሙን እንዴት ቢወድ ነው» አለ። እወደውም ነበር። ይህን ማን ያምነኛል?

ሁሴን ማንም ሳይጠይቀው «የመታው የእኔ ዱላ ነው» አለ። ከአርባው በፊት ሽማግሎች አስከትሎ፣ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ደጃችን ላይ ተደፋ። ድንጋዩን የሚያነሣለት የሟች ወገን ነው፤ ካላነሣለት እንደ ተደፋ ይውላል። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሙ አንተ ነህ። አንሣለት» አለችኝ። ያን ጊዜ መናገር አይቻልም ነበር? ይቻል ነበር። እኔ ግን ድንጋዩን አነሣሁለት። «ይቅር ብዬሃለሁ» አልኩት። ጉልበቴን ሳመኝ።

እኛ ይቅር ብንለው አገሩ አልተወውም። በኦጎልቾ ከተማ የታጨችለት ልጅ ቤተሰቦች እጁ ደም ነክቷል ብለው ቃላቸውን አጠፉ። በሚያልፍበት መንገድ ሕፃናት ጨዋታቸውን አቋርጠው ያዩታል። እኔ ትምህርቴን ቀጠልኩ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ባለፈው የገበያ ቀን ለሁሴን እውነቱን ነገርኩት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ጆንያ ሲጭን አገኘሁት። ስጨርስ የያዘውን ጆንያ መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ሩሯስ?» አለኝ።

«አልነበረችም።»

በቡጢ አፌን አለኝ። ስወድቅ ደረቴ ላይ ተቀምጦ አንገቴን አነቀኝ። እንዲጨርሰኝ ዝም አልኩ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ውሸት ነው። ታገልኩ። ክንዱን ነከስሁት። ለቀቀኝና ጆንያው ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። በኦሮምኛ ያለኝን ሁሉ ሰምቻለሁ፤ ይገባኛል፤ አልጽፈውም። በመጨረሻ ግን እንዲህ አለ፦

«ለአዮ እንዳትነግራቸው።» እናቴን እንደ ገዛ እናቱ አዮ ነው የሚላት።

«ማወቅ አለባት» አልኩት።

«አንድ ልጅ ነው የቀራቸው። እሱንም ልትወስድባቸው ነው? እኔን እንደ ሆነ ለምደውኛል።»

«እሺ» አልኩት።

ቶሎ ነው ያልኩት። ንግግሩን ሳይጨርስ ማለት ይቻላል። ደም እየተፋሁ ልቤ ቀለለኝ። ስለ ዱላው ጠበቃ አላጣ ይሆናል፤ ልጅ ነበር፣ ተሰድቦ ነበር የሚል። ለዚያች እሺ ግን ማን ይቆምልኛል? እሺ ስል ልጅ አልነበርኩም። ማንም አልሰደበኝም።

ይቅር በሉኝ አልልዎትም። ይቅርታ በአፍ እንዴት እንደሚቀል አውቃለሁ፤ ብዬዋለሁና። ይህን ስጽፍ ሁሴን ጓሯችን ውስጥ ለእናቴ እንጨት እየፈለጠ ነው። «ይበቃሃል ልጄ፣ ግባና እህል ቅመስ» ትለዋለች። በመስኮቱ በኩል እሰማቸዋለሁ። አልወጣሁም።