ጋዎን ወይስ አይሱዙ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የለበስኩት ለምርቃቴ የተገዛልኝን ሸሚዝ ነበር። ሌላ ደህና ልብስ አልነበረኝም። ጋሽ ከማል አሰላ ውስጥ የታወቁ መቃብር ቀቢ ነበሩ፤ የሱቅ ታፔላም ይጽፉ ነበር። ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ምን ተማርክ?» አሉኝ።

«ታሪክ።»

«የማንን?»

«የኢትዮጵያን፣ የአፍሪካን፣ የአውሮፓንም።»

«ጎሽ። ዛሬ የምንሠራው የአንድ የጢቾ ገበሬን ነው። ባልዲውን ያዝ። ሸሚዙንም አውልቀው፣ ኖራ ይበላዋል።»

በአርሲ መንገድ ያለፈ ሰው መቃብሮቹን ያውቃቸዋል። መንገድ ዳር፣ ስንዴው መሀል፣ በድንጋይና በሲሚንቶ ተገንብተው አራቱም ጎናቸው ተቀብቶ ይታያሉ። ሟቹ በሕይወቱ ምን እንደነበረ ጎኑ ላይ ይሣላል። ለፈረሰኛው ፈረሱ፣ ለገበሬው በሬዎቹ፣ ለወታደሩ ጠመንጃው። እኔ ራሴ ቴፕ ሥያለሁ፣ የስፌት መኪና ሥያለሁ፣ አንድ ጊዜም የመርፌ ወጊ ሻንጣ ሥያለሁ። አላፊ አግዳሚው ማንንም ሳይጠይቅ ሰውዬው ምን እንደነበረ ይረዳል።

በሥራው ላይ ደረጃ አለ። ረዳት ግንበኛው የተወውን ልስን በብርጭቆ ወረቀት ያሻል፣ ያጥባል፣ ኖራ ይቀባል። ቀቢ ስንጥቁን በስቱኮ ሞልቶ መደቡን በዘይት ቀለም ያለብሳል። ሠዓሊ የሚመጣው መደቡ ሲደርቅ ነው፤ ፊደሉንም መጨረሻ ላይ የሚጽፈው እሱ ነው። እኔ በረዳትነት ብዙ ቆየሁ። ጋሽ ከማል ለዲግሪ ብለው ደረጃ የሚያዘልሉ ሰው አልነበሩም።

አንድ ሕግ ግን ነበራቸው። የቀለም ቆርቆሮ ከመከፈቱ በፊት ይጠየቃል፤ ሰውዬው ምን ነበር? የሚጠየቀውም ጮክ ብሎ የሚያወራው ዘመድ አይደለም። «ጥግ ይዞ ዝም ያለውን ፈልግ፣ እሱን ጠይቅ» ይሉኝ ነበር።

ይህንን ሕግ ያቃለልኩት አንዴ ነው። ኦጎልቾ በኩል የአንድ ገበሬ በሬዎችን፣ ወንድምየው እንደነገረኝ፣ ጥቁርና ነጭ አድርጌ ሣልኩ። ሚስታቸው መጥተው ቆመው አዩና «ይኼ የማን በሬ ነው?» አሉኝ። «የባለቤትዎ» አልኳቸው። «የባለቤቴ በሬዎች ቀይ ነበሩ። ይኼ የጎረቤታችን ነው፤ ከሱ ጋር ደግሞ እስከ ዕለተ ሞታቸው አልታረቁም» አሉ። እስከ መደቡ ድረስ ፍቄ እንደ አዲስ ሠራሁት።

ጋሽ ከማል ከዚህ ዓለም ሲያልፉ ብሩሾቹ ለኔ ቀሩ። ሥራው ግን ቀነሰ። ሼኾቹ ነፍስ ያለው ነገር አይሣልም ማለት ስለጀመሩ ሰውም ፈረስም መሣል እየቀረ መጣ። የሚፈቀደው ዕቃ ብቻ ነው። አሰላ ውስጥ የሚያውቁኝ ደግሞ «እሺ የታሪክ ምሁሩ፣ ዛሬ ማንን ቀባህ?» ይሉኛል። መጀመሪያ አብሬያቸው እስቅ ነበር። ሲደጋገም ያመኛል።

የሰፈር ልጆች የዩኒቨርሲቲ ምርጫ ሲደርስ እየመጡ ይጠይቁኛል። ታሪክ፣ ፍልስፍና፣ ሥነ ጽሑፍ መማር ያዋጣል ወይ? ሥራ አለኝ ብዬ አመልጣቸዋለሁ። ማምለጥ ያልቻልኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱም ከጎበሳ ወጣ ብሎ፣ ኦቦ በዳሶ የሚባሉ ገበሬ ደጅ ላይ።

የጠሩኝ ለልጃቸው ለአማን መቃብር ነበር። አማን ፍልስፍና ተምሮ ተመርቋል። ከተመረቀ በኋላ ወደ ቤት ተመለሰና ሥራ መጠበቅ ጀመረ። የሥራ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር ከተማ ወርዶ ሰሌዳው ሥር ቆሞ ያነብባል፤ ሂሳብ አያያዝ ይላል፣ አስተዳደር ይላል፣ «ወይም ተዛማጅ» ይላል። ፍልስፍና ከምንም ጋር አይዛመድም ተባለ። ሲሰለቸው በስንዴ አጨዳ ሰሞን ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ አይሱዙ ላይ መጫን ጀመረ። አንድ ቀን መኪናው ከነጭነቱ ቁልቁለት ላይ ተገለበጠ። ሾፌሩ ተረፈ፣ ጆንያው ላይ የተቀመጠው አማን ግን አልተረፈም።

ስደርስ ግንቡ አልቋል፣ ልስኑም ከላይ ደርቋል። ደጁ ላይ ኦቦ በዳሶ፣ ወንድማቸው ሐጂ ሙዘይንና የአማን እህት ዘምዘም ነበሩ። ዘምዘም በዚያው ዓመት የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና አልፋለች። በዚህ ዘመን ማለፍ ምን ማለት እንደሆነ ልጅ ያለው ሁሉ ያውቃል። ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትገባበት ቀን ተቃርቧል፣ መሄዷ ግን ገና አልተወሰነም። የሚወራው በኦሮምኛ ነው፤ ወደ አማርኛ የማመጣው እኔ ነኝ።

እንደ ሕጉ ጠየቅሁ። «አማን ምን ነበር?»

ሐጂ ሙዘይን ቀደሙ። «ሰው አይሣልም፣ እሱ ያለቀ ነገር ነው። አይሱዙውን ሣል። ሥራው እሱ ነበር፣ የሞተውም በሱ ነው።»

ዘምዘም ቤት ገብታ የምርቃቱን ፎቶ ይዛ ወጣች። ጥቁር ጋዎን፣ ባርኔጣ፣ ፈገግታ። «ጋዎኑ ይሣል፤ ባዶውን፣ ሰው ሳይኖርበት» አለች።

«ጋዎኑ የአንድ ቀን ኪራይ ነው» አሉ ሐጂ።

«አይሱዙውም የሰው ነው፣ አጎቴ።»

እኔ ወደ ኦቦ በዳሶ ዞርኩ። ጥግ ይዘው ዝም ያሉት እሳቸው ነበሩ። እንዲህ አሉ፦ «እሱን ለመላክ ፈረሴን ሸጫለሁ። ፍራሽና ብርድ ልብስ የገዛሁለት፣ መንገዱን የከፈልኩለት በፈረሱ ነው። አሁን ይቺም ልሂድ ትለኛለች። ስለዚህ ይኼ ሥዕል ዝም ብሎ ሥዕል አይደለም። ጋዎን ከሆነ ልጄ የተማረ ሰው ነበር ማለት ነው፤ ዘምዘምም ትሄዳለች። መኪና ከሆነ ልጄ ተሸካሚ ነበር። ተሸካሚ ለመሆን ደግሞ ማንም ከዚህ ግቢ መውጣት አያስፈልገውም።»

በሥራ ዘመኔ ብሩሽ እንደዚያ ቀን ከብዶኝ አያውቅም። መደቡን ቀብቼ፣ ይድረቅ ብዬ እስከ ማግሥቱ ጊዜ ወሰድኩ።

ጠዋት ዘምዘም ውኃ ስታቀብለኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ እርስዎም ታሪክ ነው የተማሩት አሉ። እኔም እሱን ነው የምፈልገው። ተጸጽተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ጠዋት ጠዋት እጸጸታለሁ» አልኳት። «ሥራ ስጀምር ይረሳኛል።»

ሳቀች። እዚያ ግቢ ውስጥ የሰማሁት ሳቅ እሱ ብቻ ነበር። «አማን ማታ ማታ ከጆንያ ሲመለስ ያከራክረኝ ነበር» አለች። «የማምነውን ነገር ይጠይቀኛል፣ ከዚያ ለምን አመንሽው ይለኛል። ደክሞት እንኳ አይተወኝም። ከሞተ ወዲህ ለምን ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው የለም።»

ረፋድ ላይ ኦቦ በዳሶ በርጩማቸውን ይዘው መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ሐጂም መጡ። «አንተም ተምረሃል» አሉኝ ኦቦ በዳሶ። «ደብተርህ ጠቅሞሃል? እንደ ልጄ ጓደኛ ንገረኝ።»

ውሸት አልመጣልኝም። «እንጀራ አልሰጠኝም፣ ኦቦ» አልኳቸው። «ባልማርም መቃብር ነበር የምቀባው። ግን ያኔ የማን መቃብር እንደሆነ አልጠይቅም ነበር፤ የነገሩኝን በሬ ሥዬ እሄድ ነበር። ጠይቅ ያሉኝ አሠሪዬ ናቸው፤ ለምን እንደሚጠየቅ የገባኝ ግን ስለተማርኩ ነው። ልጅዎ ከእህቱ ጋር ማታ ማታ ይከራከር የነበረው ተሸካሚ ስለሆነ አይደለም። ስለተማረ ነው። ጋዎኑን ልሣለው። ትሂድ።»

ሐጂ ሙዘይን በአማርኛ ጣል አደረጉ። «‹የተማረ ይግደለኝ› ሲባል ሰምተናል። የኛን ልጅ ግን መማሩ ራሱ ገደለው።»

ኦቦ በዳሶ ወደ እኔ ዞሩ። ለኔ ነው የመለሱት። «የተናገርከው ጥሩ ነው። ልጄን ግን አይመልስልኝም። ጋዎኑን እኔ በፎቶ ነው የማውቀው፤ ምርቃቱ ቀን የምሄድበት ፈረስም ገንዘብም አልነበረኝም። ጆንያውን ግን አውቀዋለሁ። ማታ ሲመጣ ትከሻውን በሞቀ ውኃ የማሽለት እኔ ነበርኩ። ያየሁትን ሣል።»

ዘምዘም ፎቶውን ደረቷ ላይ እንደያዘች ቆማ ነበር። ወደ ቤት ገባች። ጥፋቱ የማንም አልነበረም፣ እኔ ግን ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ እስከ ዛሬ አላውቅም።

አይሱዙውን ሣልኩ። ጎማውን፣ ስፖንዳውን፣ ከላይ የተከመረውን ጆንያ። ሥራን ሆን ብሎ ማበላሸት ጋሽ ከማል አላስተማሩኝም፤ ጥሩ አድርጌ ነው የሠራሁት። ሲያልቅ ግን ከመስታወቱ በላይ፣ ሾፌሮች ጥቅስ በሚያጽፉበት ቦታ ላይ፣ ነጭ ክፍተት ተረፈ። አይሱዙ እዚያ ቦታ ላይ ምንም ካልተጻፈበት ያልጨረሱት ይመስላል። ዘምዘምን ጠራኋትና «ምን ይጻፍ?» አልኳት።

«ስሙ» አለች። «ከስሙ ቀጥሎ የተማረው።»

በጥቁር ቀለም፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ በቁቤ ጻፍኩት። አማን በዳሶ፣ የፍልስፍና ምሩቅ።

ኦቦ በዳሶ ቀረብ ብለው አዩ። ማንበብ አይችሉም። ሐጂ ሙዘይንም ቁርኣን እንጂ ቁቤ አያነቡም። «ምን ይላል?» አሉ አባትየው።

ዘምዘም አነበበችላቸው። ስትጨርስ እንደገና አንብቢው አሏት። እንደገና አነበበች። ጣታቸውን ርጥቡን ቀለም ሳያስነኩ ከፊደሎቹ ሥር ሥር አሳለፉ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። እሺ አሉ፣ ዘምዘም ትሄዳለች ብዬ ተስፋ አደረግሁ።

«ደግ ነው» አሉ። «ይኑር። ግን ከአንቺ በስተቀር በዚህ ቤት የሚያነበው የለም። እዚሁ ሆነሽ ለመጣው ሁሉ ታነቢለታለሽ።»

«እሺ፣ አባባ» አለች።

ብሩሾቼን አጠብኩ። የተረፈውን ጥቁር ቀለምና አንድ ቀጭን ብሩሽ ለዘምዘም ተውኩላትና ወደ አሰላ በሚሄድ መኪና ተሳፈርኩ። እስከ ቤቴ ድረስ ይዤው የሄድኩት ኀዘን የአማን ብቻ አልነበረም።

ክረምት አልፎ ለሌላ ሥራ በዚያ መንገድ ስሄድ መቃብሩ ጋ ከመኪና ወረድኩ። ዝናቡ የአይሱዙውን ሰማያዊ አደብዝዞታል፤ በደንብ ያልደረቀ ልስን ላይ ቀለም አይቆይም። ፊደሎቹ ግን ትናንት የተጻፉ ይመስሉ ነበር። ዘምዘም እየደጋገመች ታድሳቸዋለች። ከማሳው ዳር መጥታ ሰላም አለችኝ። ፊቷ ከስቷል።

«ሰው ይጠይቅሻል?» አልኳት።

«ይጠይቃል። ቆመው ምን ይላል ይሉኛል፣ አነብላቸዋለሁ። ከዚያ ‹ታዲያ ምን ሠራበት?› ይላሉ።»

«ምን ትያቸዋለሽ?»

«አይሱዙውን አሳያቸዋለሁ» አለች።

ከዚያ ወዲህ የሰፈር ልጆች ሲጠይቁኝ አላመልጥም። ሥራ ፍለጋ ከሆነ ታሪክም ፍልስፍናም አትማሩ እላቸዋለሁ። ሌላ ነገር ፍለጋ ከሆነ ተማሩ። ግን ሥራ ያስገኛል ብላችሁ ቤተሰባችሁን አሳምናችሁ አትሂዱ፤ ቤት የጠበቀውን ሲያጣ ከሚቀጥለው ልጅ ላይ ይወስዳል። በኦቦ በዳሶ ቤት የተማረው አማን ነበር። የከፈለችው ዘምዘም ናት።