የሞቀው ግድግዳ

ወጥ ቤቴ ውስጥ መስመር የሚዘረጋው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ የሽቦውን ላስቲክ በላይተር ሲያቀልጠው፣ ሽታው ሽሮ ሜዳ ወደነበረው የልጅነት ቤታችን መለሰኝ።

ሐምሌ ነበር። እናቴ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰክታ እየጋገረች፣ ከጎኑ በኤሌክትሪክ ምድጃው ወጥ ጥዳለች። እኔ ብርዱን ሽሽት ከቆጣሪው በታች ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆሜያለሁ። እንጀራ በተጋገረ ቁጥር የምወደው ቦታዬ ነበር።

አባቴ ገባና "እዚያ ምን ትሠሪያለሽ?" አለኝ።

"ግድግዳው ይሞቃል፣ አባዬ።"

ጠጋ ብሎ በእጁ ነካው፤ ቆጣሪው አካባቢ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ፊቱ ተለወጠ፤ ወዲያው ቆጣሪውን አጠፋ።

እናቴ የሊጡን ጣሳ እንደያዘች "ምን ሆንክ?" አለችው።

"ሽቦ ሲከብደው አይናገርም። ዝም ብሎ ይግላል" አላት። ከዚያ እሷን ትክ ብሎ አያት። ለምን እንደዚያ እንዳያት ያኔ አልገባኝም።

በሳምንቱ ለምጣዱ ብቻ ወፍራም ሽቦ ከቆጣሪው አስዘረጋ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስትጋግር ሽንኩርቱን የሚከትፈው፣ ወጡንም የሚሠራው እሱ ሆነ።

ዛሬ ሠራተኛው "የምጣዱን መስመር ለብቻው ላድርገው?" ሲለኝ ሳላስጨርሰው "አዎ" አልኩት። ሲጨርስ ምጣዱን ሰክተን ሞከርነው። ምጣዱ እስኪግል ጠብቄ ጉንጬን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩ።

ቀዝቃዛ ነው። አባዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ።